ጋሽ ሰይፉ ያለፉት መታጠፊያ

የሞታቸውን ወሬ የሰማሁት የሕንጻችን የጋራ ልብስ ማጠቢያ ክፍል፣ ትቬትስቱጋ፣ ወርጄ ከማጠቢያው ማሽን እርጥብ አንሶላ እየጎተትኩ ሳለሁ ነው። የደወለችው ልጃቸው ሳራ ነበረች። ሳራ አማርኛ ትሰማለች እንጂ አትናገርም፤ በስዊድንኛ "ፓፓ ዛሬ ጠዋት አረፈ" አለችኝ። "እሺ" አልኳት። የት እንደነበሩና ማን አጠገባቸው እንደነበረም ጠየቅኳት፤ መልሳልኛለች፤ ያለችኝን ግን አላስታውስም። ስልኩን ዘግቼ አንሶላውን ማድረቂያው ውስጥ ከተትኩ። የያዝኩት ሰዓት ሊያልቅ አርባ ደቂቃ ያህል ቀርቶታል፤ ከእኔ ቀጥሎ ተራ የያዘው ጎረቤቴ ደግሞ አንድ ደቂቃ ካሳለፍኩበት በር ላይ የስድብ ወረቀት የሚለጥፍ ሰው ነው። ስለዚህ ሥራዬን ጨረስኩ። የትራስ ልብሶቹን ሳይቀር አንድ በአንድ አጠፍኩ።

ሳራ በኋላ "አንቺ እንዴት ጠንካራ ነሽ" ብላኛለች። ጥንካሬ አልነበረም። ብዙ ሲቀመጡበት እንደሚደነዝዝ እግር ነበር የሆንኩት፤ እግሩ እንዳለ ይታወቃል፣ ሲረግጡበት ግን አይሰማም። ለጋሽ ሰይፉ ማልቀስ ከነበረብኝ ቀድሞ ነበር ማልቀስ የነበረብኝ፤ ያኔም አላለቀስኩም።

ጋሽ ሰይፉ በሥራቸው የአውቶቡስ መካኒክ ነበሩ። አጭር፣ ትከሻቸው ሰፊ፣ እጃቸው ንጹሕ ሆኖ እንኳን በጨርቅ መጥረግ የማይተዉ ሰው። በወጣትነታቸው አዲስ አበባ ለራሊ ውድድር የሚወጡ መኪኖችን ያዘጋጁ ነበር። የሌላ ሰው መኪና አሳምረው መነሻው መስመር ላይ ያቆሙና ጨርቃቸውን ይዘው ወደ ጎን ይወጣሉ። በውድድር ላይ አንድም ቀን መሪ ጨብጠው አያውቁም። ይህን ሲያወሩ ማንንም አይከሱም፤ "የኔ ሥራ እስከ መነሻው ነበር" ይሉና ወደ ሌላ ጨዋታ ያልፋሉ። እኔ ግን ያችን ዓረፍተ ነገር በሦስት ዓመት ውስጥ ከሃያ ጊዜ በላይ ሰምቻታለሁ፤ ቀላል ነገር እንዲህ አይደጋገምም።

ስቶክሆልም ላይ የራሳቸውን ራሊ አቋቋሙ። በየዓመቱ ሐምሌ ላይ፣ አገሩ ሁሉ ዕረፍት ሲወጣ፣ አሥራ ሁለት መኪና እሳቸው ከሚኖሩበት ሰፈር ከዩልስታ የመኪና ማቆሚያ ይነሳል። ነጂዎቹ የእኛው ሰዎች ናቸው፤ ታክሲ ነጂ፣ ነርስ፣ ኮምፒውተር ቤት የሚሠራ፣ አንድ የቤተ ክርስቲያን ዘማሪ። ራሊ ሲባል አቧራ እያስነሳ የሚከንፍ መኪና የሚታየው ሰው ቢመጣ ያዝናል። የጋሽ ሰይፉ ራሊ የፍጥነት አልነበረም። በእያንዳንዱ መኪና አንድ ሾፌርና አንድ መንገድ አንባቢ አሉ። መንገድ አንባቢው ደብተር ይሰጠዋል፤ ደብተሩ ላይ በስንት ሜትር ግራ፣ በስንት ሜትር ቀኝ እንደሚታጠፍ በቀስት ተስሏል። ጫካው ውስጥ ሰዓት ያዦች ተቀምጠው ይጠብቃሉ። ቀድሞ የደረሰም ዘግይቶ የደረሰም እኩል ይቀጣል። ያኔ ስልክ መንገድ አያሳይም፤ ያለው ደብተሩና የአንባቢው አፍ ብቻ ነው።

"ፈጣን ሾፌር ሞልቷል" ይሉ ነበር ጋሽ ሰይፉ፤ "የጠፋው በሰዓቱ የሚደርስ ሐበሻ ነው።"

የዚህ አገር የጫካ መንገድ ሁሉ ባለቤት አለው። ጋሽ ሰይፉ የበረዶውን ወራት በሙሉ በየገበሬው በር እየዞሩ፣ ጫማቸውን አውልቀው እየገቡ፣ ቡና እየጠጡ ፈቃድ ይለምናሉ። የፖሊሱን የጽሑፍ ፈቃድ፣ ቲልስቶንዱን፣ የሚያወጣላቸው ደግሞ ዮራን የሚባል ጡረተኛ ስዊድናዊ ነበር። ዮራን አንዲት ትንሽ የመኪና ክለብ ይመራል፤ ራሊያችን በክለቡ ስምና በክለቡ ኢንሹራንስ ሥር ነበር የሚካሄደው። ብዙ የማይናገር፣ ሁሉን ነገር ማስታወሻ ደብተሩ ላይ የሚጽፍ ሰው ነው።

እኔን ያገኙኝ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ነው። እኔ ያኔ ሄምቴንስት ነበርኩ፤ በየቤቱ እየዞርኩ አረጋውያንን እረዳለሁ፤ የቀኑን ሙሉ መንገዴን የምመራው በወረቀት ካርታ ነበር። አንድ ሰው መንገድ ጠፍቶት ሲጠይቀኝ ሰምተው "ሰሜንና ደቡብ የምታውቅ ሐበሻ አገኘሁ" ብለው ከዚያው መለመሉኝ። የሚነዱት ውድድሩ ውስጥ አልነበረም፤ ከሁሉ ቀድሞ የሚሄደውን መንገድ ከፋች መኪና ነው። አሥራ ሁለቱ ከመነሳታቸው አምስት ደቂቃ በፊት ወጥተን መንገዱ ነጻ መሆኑን እናያለን። በመጀመሪያው ቀን መሪውን እንደያዙ ዞር ብለው አዩኝ።

"ስሚ ሂሩት፤ መኪና ውስጥ ጋሼ የለም። ስሳሳት ተሳስተሃል በይኝ። ካልሰማሁ ጩኺብኝ።"

"እሺ ጋሼ።"

"አሁን ምን አልኩሽ?"

"እሺ" አልኩ፤ ጋሼዋን ዋጥኳት።

ሦስት ዓመት አብረን ስንነዳ አንድም ቀን አልጮህኩም፤ ስላልተሳሳቱ። እኔ ከደብተሩ አነባለሁ፣ እሳቸው "እ" ይላሉ፣ ይታጠፋሉ። ሥራውን የቻልኩ መስሎኝ ነበር፤ ያ ግን ሥራ መቻል አልነበረም። መሳሳታቸው ሲመጣ ምን እንደማደርግ ማንም አልፈተነኝም።

ገንዘብ የሚያሰባስቡበት መንገድም የራሳቸው ነበር። "እኔ ገንዘብ አልለምንም፤ ሰው መኪና ላይ አወጣለሁ" ይላሉ። አንድ ቀን ሱንድቢበሪ በሚባል ሰፈር ጤፍና ቅመም እያስመጣ ወደሚሸጠው ጋሽ ግርማ ሱቅ ተከትያቸው ሄድኩ። ጋሽ ግርማ ገና ሲያየን ፊቱ ተለወጠ።

"ሰይፉ፣ ማስታወቂያ ከሆነ ለእግር ኳሱ ሰጥቻለሁ፤ አልቋል።"

"ማስታወቂያ ማን አነሳ? መኪናህ ቅድም ሲያፏጭ ሰምቼ ነው የገባሁት።"

"የኔ መኪና?"

"ያንተ። ቁልፉን ስጠኝ።"

ኮፈኑን ከፍተው ቺንጋውን አጠበቁ፣ እጃቸውን ጠረጉ፣ ሒሳብ የለም አሉ። ከዚያ እንደ ዋዛ "እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ምን አለህ?" ብለው ጠየቁት። እሁድ ጠጠር መንገድ ላይ አውጥተው በኋላ ወንበር አስቀምጠው አዟዟሩት። ጋሽ ግርማ ሲመለስ ሱፉ በአቧራ ነጭ ሆኖ እንደ ሕፃን ይስቃል። ጋሽ ሰይፉ ምንም አልጠየቁትም። ሰኞ ዕለት ራሱ ደውሎ "ምን ያህል ነው የሚጎድልህ?" አላቸው። የሱቁ ስም በዚያ ዓመት በሁሉም መኪኖች በር ላይ ተለጠፈ።

በአራተኛው ዓመት ዮራን አንድ ነገር ይዞ መጣ። የዘንድሮው ራሊ ያለ እንከን ካለፈ፣ በሚመጣው ዓመት ጸደይ ክለቡ በሚያዘጋጀው እውነተኛ ራሊ ላይ ሁለት መኪና ከእኛ እንደሚያስገባ ነገራቸው። መንገዱ የሚዘጋበት፣ የራስ ቁር የሚደረግበት፣ የውድድር መንጃ ፈቃድ የሚጠየቅበት ራሊ ነው። አንዱን የሚነዱት ጋሽ ሰይፉ ራሳቸው ነበሩ። ለሥልጠናው፣ ለፈቃዱና ለመኪናው ዝግጅት የሚወጣውን ወጪ ጋሽ ግርማ ሊችል ተስማማ፤ "መጀመሪያ ግን የዘንድሮውን ከፊት ሆኜ ልየው" አለ። ከፊት መሆን ማለት የእኛ መኪና የኋላ ወንበር ነው።

ጋሽ ሰይፉ በዚያ ሰሞን ሰውነታቸው ሁሉ ተለወጠ። ስድሳ ዓመት አልፏቸዋል፤ ስማቸው የመነሻ ዝርዝር ላይ የሚወጣበት ሌላ ዕድል አልነበራቸውም፤ ይህን እሳቸውም እኔም እናውቃለን። ቱታቸውን አስተኮሱ። ፀጉራቸውን ተቆረጡ። "የኔ ሥራ እስከ መነሻው ነበር" የምትለዋን ነገር ያን ጸደይ አንድም ጊዜ አልሰማኋትም።

ሌላም ነገር ነበር። የዮራንን ደብዳቤ "መነጽሬን ረስቼ ነው" ብለው እኔን አስነበቡኝ። የሰዓት ያዦቹን ምልክት ከወትሮው በእጥፍ አስተልቀው ቀቡት። አየሁ፤ ዕድሜ ነው አልኩ፤ ዓይንዎን ምን ሆነው ነው ብሎ መጠየቅ ነውር መሰለኝ። ዝም ማለት ከዚያ ነው የጀመረው።

ቀኑ ደረቅና ፀሐያማ ነበር። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ተነሳን። ጋሽ ግርማ ከኋላ በሁለቱ ወንበሮች መካከል አንገቱን አውጥቶ ይጠይቃል፣ ጋሽ ሰይፉ እየነዱ ይመልሳሉ። እንዲህ ደስ ብሏቸው ሲያወሩ አይቼ አላውቅም። አዲስ አበባ ሳሉ አንድ ባለ መኪና ውድድር ሊጀመር ሁለት ደቂቃ ሲቀረው ቁልፉ እንደጠፋበት እያወሩ ነበር። ደብተሩ ላይ ጣቴ ያረፈበት መስመር በሦስት መቶ ሜትር ወደ ግራ ይላል። ልናገር አፌን ከፈትኩ። ወሬው መሃል ላይ ነበር፤ ሁለት ትልልቅ ሰዎች ይጫወታሉ። ዓረፍተ ነገሩን ይጨርሱ አልኩ።

ዓረፍተ ነገሩ አላለቀም። ከፊታችን ተደርድረው የተተከሉ የፖስታ ሳጥኖች ታዩኝ፤ ከጎናቸው ጠባቧ መንገድ ወደ ግራ ትገባለች። መንገዱን የነደፉት እሳቸው ናቸው፣ ያውቁታል አልኩ። አለፍናት። አሁን ልናገር አልኩ። ገንዘቡን ይሰጣል የተባለው ሰው ከኋላ ተቀምጦ "ጋሼ፣ አለፍናት" ብዬ ላዋርዳቸው? ራሳቸው ያስተውሉታል፣ ቀስ ብለው ይመለሳሉ፣ እንግዳውም አያውቅም። እንዲህ እያልኩ ግማሽ ደቂቃ ያህል ሄድን። ይሉኝታ ነው፤ ሌላ ስም የለውም። ከዚያ መንገዱ ደብተራችን ላይ የሌለ ጠመዝማዛ አመጣ፣ ፀሐይዋ በዛፎቹ መሃል ፊት ለፊት መጣች፣ ጋሽ ሰይፉም እንዳላዩ ሰው ቀጥ አሉ። ፍሬን እንኳን አልያዙም። መኪናው ቦዩን ዘሎ ነጭ ግንድ ያለው ዛፍ ላይ ቆመ።

እኔና እሳቸው ከመጫጫር በስተቀር ምንም አልሆንንም። የጋሽ ግርማ የትከሻ አጥንት ተሰበረ። ድምፁን ከፍ ሳያደርግ "ትከሻዬ፣ ትከሻዬ" ይላል። አምቡላንስ የጠራሁት እኔ ነኝ፤ ስለ ቦታው በደንብ ተናገርኩ፤ እስከ መታጠፊያው ያለውን መንገድ ከደብተሩ ላይ ሜትር በሜትር አነበብኩላቸው። ያን ሳደርግ ድምፄ አልተንቀጠቀጠም።

ከዚያ የሆነውን ዮራን እስከ ዛሬ የገባው አይመስለኝም። የመጀመሪያው ተወዳዳሪ መጣ። መታጠፊያው ላይ አልታጠፈም፤ ቀጥ ብሎ ከኋላችን መጥቶ ቆመ። ሁለተኛው ተከተለ። ሦስተኛው። ከአሥራ ሁለቱ ሰባቱ ተከትለውን ገቡ። መንገዱ ጠባብ ስለሆነ ለመዞር ያልታጨደ የገበሬ ሣር ውስጥ ገቡና ረገጡት፤ ገበሬው ለክለቡ ደወለ። በትክክል ወደ ግራ የታጠፉት አምስት ነበሩ፤ ከአምስቱ ደግሞ የሦስቱ መንገድ አንባቢዎች ስዊድናውያን ሚስቶቻቸው ናቸው።

ዮራን ደርሶ ማስታወሻ ደብተሩን ይዞ ሰባቱን ተራ በተራ ጠየቀ። መጀመሪያ ታክሲ ነጂውን።

"ደብተርህ ምን ይላል?"

"ግራ ይላል።"

"አንብበኸዋል?"

"አዎ።"

"ታዲያ ለምን ቀጥ አልክ?"

"የጋሽ ሰይፉ አቧራ ወደዚህ ነበር የሚታየው።"

"ደብተሩ ግን ግራ ይላል።"

"አዎ" አለ ታክሲ ነጂው፤ "ግን ጋሽ ሰይፉ ቀጥ ብለዋል።"

ሁለተኛውም ያንኑ መለሰ። ሦስተኛውም። ዮራን አራተኛው ላይ መጻፍ አቆመ። ከዚያ ወደ እኔ መጣ። ጋሽ ሰይፉ ትንሽ ራቅ ብለው ጉቶ ላይ ተቀምጠው እጃቸውን በጨርቅ ይጠርጋሉ። አፌን ሳልከፍት ከዚያው በስዊድንኛ ተናገሩ።

"እሷ ነግራኛለች። ግራ ብላኛለች። ያልሰማኋት እኔ ነኝ።"

ዮራን እኔን አየኝ። "እንደዚያ ነው?"

አዎ ለማለት ራሴን ነቀነቅኩ።

ይኸው ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ይህን ተከትሎ የመጣ ነው። ክለቡ ስሙን አነሳ፤ ራሊው በዚያው ቀረ፤ ጸደይ ላይ ሁለቱም መኪና አልገባም። ጋሽ ግርማ ትከሻው ዳነለት፤ ገንዘቡ ግን በዚያው ሳይነሳ ተረሳ። በየሠርጉና በየክርስትናው "ሰይፉ የሴት ቃል አልሰማም ብሎ አጥንቴን ሰበረኝ" እያለ ያስቃል። ጋሽ ሰይፉም እዚያው ተቀምጠው አብረው ይስቃሉ። እኔንም ሰዎች ያዝኑልኛል፤ "አይ አንቺ፣ ብትናገሪም የሚሰማሽ አጣሽ" ይሉኛል። አንዳንዴ ሳህኔን ይዤ ወደ ማዕድ ቤት እሄዳለሁ።

በዚያው መኸር መንጃ ፈቃዳቸውን መለሱ። ለምን እንደሆነ የነገረችኝ ሳራ ናት። አንደኛው ዓይናቸው ከጎን ያለውን ማየት ካቆመ ቆይቶ ነበር፤ ሐኪም ነግሯቸው ነበር፤ እሳቸው ዓይናቸው እስከ ራሊው ጸደይ ብቻ እንዲያቆያቸው ነበር የፈለጉት። ይህን ስሰማ ተናደድኩባቸው። እኔን ከጎናቸው አስቀምጠው፣ ሰው ከኋላ ጭነው፣ የማያዩበትን ዓይን ይዘው መንዳት ምን ይባላል? ለእኔ ብለው እንደዋሹ ነበር የማስበው፤ ምናልባት ለዓይናቸው ብለው ነው። ምናልባት ለሁለታችንም። አልጠየቅኳቸውም።

ከዚያ በኋላ በአውቶቡስና ፐንደልቶግ በሚባለው የከተማ ባቡር ነበር የሚሄዱት። ወር ባለፈ ቁጥር ዩልስታ ሄጄ እጠይቃቸዋለሁ። አንድ ቀን አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ ተቀምጠን "ጋሼ፣ ያን ቀን እኔ…" ብዬ ጀመርኩ። ሰዓታቸውን አዩ። "ይሄ አውቶቡስ ሁለት ደቂቃ ዘገየ" አሉ። "ሾፌሩ አዲስ ልጅ ነው መሰለኝ።" እኔም ተውኩት። ተመችቶኝ ነበር የተውኩት፤ ይህንንም ልናገረው።

ለቅሶው ቤታቸው ነበር። ቀብሩ ገና ሦስት ሳምንት ይቀረዋል፤ እዚህ አገር ሬሳም ተራ ይጠብቃል። ከምኖርበት ከቮርቢ ጎርድ ተነስቼ መሃል ከተማ ባቡር ቀይሬ ስደርስ ሳሎኑ ሞልቷል። ሰው ሁሉ በፕላስቲክ ኩባያ ሻይ ይዟል። ሳራ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ የሚወራውን ትሰማለች። ሰው ዝም ዝም ሲል፣ ለቅሶ ቤት እንደሚደረገው፣ ጨዋታ ለማምጣት ጋሽ ግርማ ጀመረ።

"ሰይፉ እኮ ግትር ነበር፣ ነፍሱን ይማረውና። ይቺ ልጅ ግራ ብትለው፣ ግራ ጋሼ ብትለው…"

ሰው ፈገግ ማለት ጀመረ።

"አልነገርኳቸውም" አልኩ።

ትልቅ ሰው ሲናገር ማቋረጤ ነበር፤ በሕይወቴ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም። አጠገቤ ያለችው ሴት ክንዴን ያዝ አደረገችኝ። "ግራ አላልኳቸውም፤ ጋሽ ግርማ ጋር እየተጫወቱ ነበር፤ ማቋረጥ አፈርኩ። መታጠፊያውን አይቼዋለሁ። ዝም አልኩ። እሳቸው ናቸው ለኔ የዋሹልኝ" አልኩ። ድምፄ የሄምቴንስት ሪፖርት የሚያነብ ይመስል ነበር።

ጋሽ ግርማ ኩባያውን ወለሉ ላይ አስቀመጠ።

"አውቃለሁ" አለ። "አብሬያችሁ አልነበርኩ? አንዲት ቃል እንዳልወጣሽ አውቃለሁ።"

"ታዲያ ይህን ሁሉ ዓመት…"

"እኔም አይቼዋለሁ ልጄ። የፖስታ ሳጥኖቹን አይቻለሁ፤ ደብተርሽ ላይ የግራውን ቀስት ከትከሻሽ በላይ አይቻለሁ። ባለሙያው እሱ፣ አንባቢዋ አንቺ፤ እኔ እንግዳ ሰው ምን አግብቶኝ ልናገር ብዬ ዝም አልኩ።"

ሳራ ከመስኮቱ ሥር ቀና አለች። እኔን አየችኝ፣ ጋሽ ግርማን አየችው፣ ከዚያ ተመልሳ እኔን።

"ስለዚህ መኪናው ውስጥ ያላየው ፓፓ ብቻ ነበር?" አለች በስዊድንኛ።

ጋሽ ግርማ ወለል ወለሉን ያያል።

"አዎ" አልኳት።